አባዬ መንገድ ወዳድ ነበር፤ እማዬን ግን መኪና ያዞራታል

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

እስከ ዛሬ የሰው ጉዳይ በአምድዎ ላይ ሳነብ «ይሄ ምን ይከብዳል?» እል ነበር። የራሴ ሲመጣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ወር ሊሞላን ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ አስወጣኝ። የግሩፑ ስም «አንድ ቤተሰብ» ነው። ይታይዎት።

የተጣላነው በአባታችን ሐውልት ነው።

አባዬ ያረፈው አምና ኅዳር ላይ ነው። 67 ዓመቱ ነበር። ደም ግፊት እንዳለበት እናውቃለን። ግን በየቀኑ ሳይክል የሚነዳ ሰው በሁለት ቀን እንዲህ ያልቃል ብሎ ማን ያስባል? ሠልስቱም አርባውም እንደ ደንቡ ወጣ። አሁን ሙት ዓመቱ እየደረሰ ነው። እስከዚያ ሐውልቱ ይቁም ብለን ተስማማን። የተስማማነው እዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። ገንዘቡን የሚልከው እሱ ነው፤ አልክድም። ግን ብር የላከ ሁሉን ይወስናል እንዴ? አንድ ቀን ማታ የሐውልቱን ንድፍ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ጥቁር ግራናይት፣ የአባዬ ጉርድ ፎቶ፣ ከሥሩ በወርቅ ቀለም «ደግ አባት፣ ታማኝ ባል፣ ምስጉን ሠራተኛ» የሚል ጽሑፍ። ከጎኑ ደግሞ ለእማዬ ቦታ ተትቷል። በቃ። ይሄ ጽሑፍ የማንም አባት መቃብር ላይ አለ። የኔ አባት ግን እንደማንም አልነበረም።

እኔ የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነው። ኳስ ይቀረጽ፤ ሳይክሉም ይቀረጽ፤ ከሥሩ «መንገድ ወዳዱ» የሚል ይጨመርበት። ወንድሜ «መቃብር ነው እንጂ የስፖርት ክለብ አይደለም» አለኝ። አጎታችን ቄስ ናቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ኳስ ከመስቀል ሥር?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ታናሽ ወንድሜ እንደ ልማዱ ዝም ነው። ለእኔም ለወንድሜም አውራ ጣት ይልካል።

እትዬ፣ አባዬን ቢያውቁት ከኔ ጋር ይቆሙ ነበር። 31 ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሠርቷል። መጠጥ የለ፣ ሲጋራ የለ፣ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ቤት። ደመወዙ ትንሽ ነበረች። ዕቁብ ሲደርሰው ግን የተወሰነውን «የመንገድ» ብሎ ለብቻ ያስቀምጣል። በዓመት አንዴ፣ ሲሳካ ሁለቴ፣ ልጆቹን ይዞ ይወጣል። የሰፈራችን ልጆች ባሕር ዳር ተወልደው ጢስ ዓባይን የሚያውቁት በፖስትካርድ ነው። 30 ኪሎ ሜትር እኮ ነው! እኛን ግን መስከረም በመጣ ቁጥር ይወስደናል። «ፏፏቴ በመስከረም ነው የሚታየው፤ በበጋማ ማሽኑ ይጠጣዋል» ይለን ነበር። የመብራት ኃይሉን ማመንጫ ማለቱ ነው። ጥምቀትን ጎንደር አድርሶናል። ገናን አንድ ጊዜ ላሊበላ አክብረናል፤ ማደሪያ ጠፍቶ ሜዳ ላይ ነው ያደርነው። ጋቢውን ለሦስታችን አልብሶ እሱ ሲንቀጠቀጥ አነጋ።

ሰማያዊ ደብተር ነበረው። የሄደበትን ቀን፣ የአውቶብሱን ዋጋ፣ አብሮት የሄደውን ሰው ስም ሁሉ ይጽፍበታል። ለኳስ የሄደ እንደሆነ ውጤቱን ጭምር። አሁን ደብተሩ እኔ ጋ ነው። ወንድሜ አያውቅም።

ስፖርቱንማ ከየት ልጀምርልዎት? በ1993 መስከረም፣ የሲድኒ ኦሊምፒክ ጊዜ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኃይሌ ከፖል ቴርጋት ጋር የተናነቀበት የ10 ሺህ ሜትር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳሎናችን ተጠቅጥቋል። የመስቀል ሰሞን ስለነበር እማዬ ጓዳ ናት። የመጨረሻዋ 100 ሜትር ላይ አባዬ ወንበር ላይ ወጣ። ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ጩኸት ጋብ ሲል እማዬ ከጓዳ «ማን ቀደመ?» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ነገር ዘግይቶ የገባው እንደሆነ «ማን ቀደመ?» እንለዋለን።

በ2005 ጥቅምት ደግሞ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞ ዓባይ በረሃን አቋርጦ አዲስ አበባ ወሰደን። ሱዳንን ለመግጠም። እዚያው ሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ስታዲየሙ በር ላይ ተሰልፈን አደርን። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላሐዲን ሰኢድ ደገመ፣ 2 ለ 0። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። አባዬ አለቀሰ። «ለመጨረሻ ጊዜ ስንገባ የ24 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ» አለን። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በ2007 ሰኔ ብሔራዊ ቡድኑ እዚሁ ባሕር ዳር መጥቶ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከጧት ጀምሮ ስታዲየም ነበርን። የከተማችን ክለብ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ፕሪሚየር ሊግ ከገቡ በኋላማ በሜዳቸው ሲጫወቱ የቀረበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ ቅር ብሎኝ ያውቃል። 12 ዓመቴ ላይ በጀልባ ጣና ላይ ወዳለው ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ወሰደን። የነገሥታቱን አስከሬን አያለሁ ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስዘል ነበር። ስንደርስ ሴት አይገባም ተባለ። ወንድሞቼ ከአባዬ ጋር ወጡ፤ እኔ ከባለ ጀልባው ጋር ቀረሁ። አንድ ሰዓት ያህል አለቀስኩ። አባዬ ሲወርድ ፊቴን አይቶ ወንድሞቼን ተቆጣቸው። ጀልባውን አስዙሮ ደቅ ደሴት ወሰደኝ። እጄን ይዞ ናርጋ ሥላሴን አሳየኝ። አሁንም ሳስበው ያ የቀረሁበት ሰዓት ደረቴ ላይ አለ፤ ግን ካሳኝ። እንዲህ ያለ አባት ነበር።

እማዬስ እንዳይሉኝ፣ እማዬ ጉዞ አትወድም። መኪና ያዞራታል። የዳንግላ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ከመጣች 38 ዓመቷ ነው። ለቅሶ ወይም ተዝካር ካልሆነ ከቤት አትንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ደግሞ አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ እኛው ጋ አልጋ ላይ ስለነበሩ ቤቱም ባዶ አይተውም። ስንቁን ግን የምታሰናዳው እሷ ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ዳቦ ትደፋለች፣ ቆሎ ትቆላለች፣ በሶ ትፈጫለች። አባዬም ለሷ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። ከዘጌ ቡና፣ ከላሊበላ ማር፣ ከጎንደር ነጠላ። ሁሉንም በፌስታል አድርጎ «እንቺ፣ አንቺም ደርሰሻል» ይላታል።

እንግዲህ የዚህን ሰው ሕይወት ነው ወንድሜ «ምስጉን ሠራተኛ» ብሎ የሚዘጋው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ባለፈው ወር ንድፉን ለእማዬ በስልኬ አሳየኋት። ኳሱን ትደግፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ያየችው የራሷን ስም ነው። ወንድሜ የሷንም ስም ከአባዬ ጎን አጽፎ፣ የልደት ዘመኗን አስቀምጦ፣ የሞቷን ባዶ ትቶታል። «እዚህ አገር እንዲህ ነው የሚደረገው፣ በኋላ ወጪ ይቀንሳል» ይላል። እማዬ ስልኩን መለሰችልኝና «ቤት ስጠብቅ ኖርኩ፤ ደግሞ መቃብር ልጠብቅ? ስሞት ዳንግላ ውሰዱኝ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ልብስ ማጠፍ ጀመረች። አክስቴ ሐዘን ነው ያናገራት ብላኛለች። ምናልባት ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

እማዬ አባዬን አትወደውም ነበር ማለት ነው?

ከሳይክሉ ኋላ የተቀመጠችው፣ ከባሕር ዳር

•

ልጄ፣

የሐውልቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ኳሱን አጎትሽ ካልፈቀዱ አትሟገቻቸው፤ ግቢው የቤተ ክርስቲያን ነው። «መንገድ ወዳዱ» የሚለው ግን ከ«ምስጉን ሠራተኛ» በብዙ ይሻላል። እሱ ይጻፍ ብለሽ በርቺ። ሳይክሉን ደግሞ ድንጋይ ላይ ከምታስቀርጪው ለታናሽ ወንድምሽ ስጪውና ይንዳው። የቆመ ሳይክል ጎማው ይበሰብሳል። አውራ ጣቱም ሥራ ያገኛል።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ አባትሽን ወደድኩት፤ እውነቴን ነው። ላሊበላ ሜዳ ላይ ጋቢውን አልብሷችሁ ሲንቀጠቀጥ ያደረውን ሰው ማን ይጠላል? ሁለተኛ ሳነብ እናትሽን ፈለግኳት። አጣኋት። ሦስተኛ እርሳስ ይዤ አነበብኩና አገኘኋት። ጓዳ ናት።

«መኪና ያዞራታል» ብለሻል። እዚያው አጠገቡ ደግሞ «ለቅሶ ወይም ተዝካር ካልሆነ አትንቀሳቀስም» ብለሻል። ለቅሶ ሲሆን በምን ነው የምትሄደው ልጄ? ዳንግላ በእግሯ ነው? ሙሽራ ሆና ባሕር ዳር ስትመጣስ? ለሐዘን ሲሆን የማያዞር፣ ለደስታ ሲሆን የሚያዞር መኪና እኔ አላውቅም። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። በእኛ ዘመን አንዲት ሴት «መሄድ እፈልግ ነበር፤ ግን አማቴን ማን ያገላብጣታል?» ብላ ባሏ ፊት አትናገርም። ነውር ነው። «ይቅርብኝ፣ መኪና ያዞረኛል» ነው የምትለው። ሰዉም ተመስገን ብሎ ይቀበላታል። ማንም ተመልሶ አይጠይቃትም።

አልጋ ላይ የነበሩት ደግሞ የማን እናት ናቸው? የአባትሽ። በግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍሽው። እሱ ልጆቹን ይዞ ጎንደር ጥምቀት ሲያከብር፣ እሷ የሱን እናት ታጥብ፣ ታጎርስ፣ ታገላብጥ ነበር። ይሄ በሰማያዊው ደብተር ላይ አለ? እስኪ ዛሬ ማታ አውጪው። «አብሮኝ የሄደ» በሚለው ላይ የእናትሽን ስም ፈልጊ። ስንት ጊዜ እንዳገኘሽው ለኔ መጻፍ የለብሽም። ለራስሽ ቁጠሪው።

አንቺ 12 ዓመትሽ ላይ አንድ ሰዓት ጀልባ ላይ ቀረሽ። ዛሬም ደረትሽ ላይ አለ። ያቺ ያንቺ አንድ ሰዓት ናት። የእናትሽ 38 ዓመት ነው። ያውም ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት የማይገባው በገዳሙ ሥርዓት ነው፤ ክብራን ገብርኤልም እንደዚያው። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ? ላሊበላስ? ጢስ ዓባይ ላይ ሴት አይገባም የሚል ሰሌዳ አይተሻል? አንቺን ሊክስሽ የወሰደሽን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እንኳ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ሴት ናቸው እኮ! ጀልባው ለአንቺ ሲዞር ለእናትሽ ግን አንድ ቀን አልዞረም።

ስለ ኃይሌ የጻፍሽው ደግሞ አበሳጨኝ፤ አልደብቅሽም። «ማን ቀደመ?» እያላችሁ 25 ዓመት ሳቃችሁ። ያን ቀን መስከረም 15 ነበር፤ ከመስቀል ሁለት ቀን በፊት። ሰፈሩ በሙሉ ሳሎናችሁ ከነበረ ያን ሁሉ ሰው ያስተናገደ አንድ ሰው አለ። ቡና አለ፣ ቆሎ አለ፣ ዳቦ አለ። 27 ደቂቃ የፈጀ ሩጫ ነው። 27 ደቂቃ «ነይ እንጂ፣ ተቀመጪ» የሚላት ሰው ጠፋ። እሷም ማወቅ ፈልጋ ነበር! ግድ ባይሰጣት ኖሮ ትጮህ ነበር? ስፖርት የማይወድ ሰው «ማን ቀደመ?» ብሎ አይጠይቅም። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ስፖርት ወዳድ ብቻ ያለ መስሏችሁ ኖራችሁ። ምናልባት ሁለት ነበሩ።

ወንድምሽን ልቆጣው እችላለሁ፤ እሱ ግን አልጻፈልኝም። ስለዚህ በአንቺ በኩል ይድረሰው። የቁም ሰው ስም መቃብር ላይ ይጻፋል? የሞቷ ቀን ባዶ ተትቶ? እዚያ አገር ልማዱ ይሆናል፤ አልፈርድም። እኛ ዘንድ ግን ሟርት ነው። እናቱ በየሳምንቱ መቃብሩን ልትሳለም ስትሄድ የራሷን ስም እያነበበች ትመለስ? «ወጪ ይቀንሳል»! የእናት ሞት ላይ ቅናሽ የሚፈልግ ልጅ እግዜር ይይለት። ድንጋዩ ካልተቀረጸ ዛሬውኑ ስሟን ያስወጣ። ከተቀረጸም ይፋቅ፤ ይደፈን። ስለ ኳሱ ሦስት ወር ስትኳረፉ፣ በዚህ በኩል አንድ ቀን እንኳ አለመጣላታችሁ ይገርመኛል። አንቺም ብትሆኚ «ለእማዬ ቦታ ተትቷል» ብለሽ አልፈሽው፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ነው ያወጣሽው።

ሁለታችሁም ደግሞ አንድ ናችሁ። እሱ አንቺን ሳይጠይቅ ወሰነ ብለሽ ታማርሪያለሽ። አንቺስ እናትሽን ጠየቅሻት? ስልኩን ያሳየሻት ስለ ኳሱ እንድትደግፍሽ ነው። 38 ዓመት አብራው የኖረችው እሷ ናት። ምን ይጻፍ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ትወደው ነበር። እንዴት አወቅሽ ትዪኛለሽ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዳቦ የሚደፋው ማን ነው? የማይወዱትን ሰው ስንቅ እንደነገሩ ነው የሚቋጥሩት። እሱም ይወዳት ነበር፤ ማሩና ነጠላው ምስክር ነው። ግን «አንቺም ደርሰሻል» ብሎ ፌስታል መስጠት መውሰድ አይደለም። ደግ ሰው ነበር፤ ጥሩ አባት ነበር፤ ይሄ ነገር ግን አምልጦታል። ደግ ሰውም እንዲህ ያመልጠዋል። ይሄን ስልሽ ለአባትሽ ያለሽ ፍቅር ቢቀንስ አዝናለሁ። መቀነስም የለበትም። እናትሽ እንኳ አልቀነሰችም። «መቃብር ልጠብቅ?» ያለችው ከንዴት ነው፤ ንዴት ደግሞ ለማይወዱት ሰው አይወጣም።

ይሄን በእርግጠኝነት የምናገረው ስላየሁት ነው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ተዝካሩ ላይ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ስለ ለጋስነቱ ተናገረ። «እቤቱ ሄዶ ሳይበላ የተመለሰ የለም» አሉ። እውነት ነው፤ አንድም አልተመለሰም። እኔ የዚያን ቀን ማዕዘን ላይ ቁጭ ብዬ እጄን አየሁት። እንጀራውን የጋገረው ይሄ እጅ ነበር። አለቀስኩ፤ ሰዉም ለሱ መስሎት አጽናናኝ። ለሱም ነበር። ለእጄም ነበር። ስለዚህ የኔ ፍርድ ወደ እናትሽ ቢያዘነብል አትፍረጂብኝ። ምናልባት ተሳስቼም ይሆናል፤ ምናልባት እውነትም መኪና ያዞራት ይሆናል። ማረጋገጫው ግን ቀላል ነው፤ ጀልባ መኪና አይደለም።

ውሰጃት። ሙት ዓመቱን አትጠብቂ። ሩቅ አትሂጂ፤ መንገዱ እንደምታውቂው ነው። ደብረ ማርያም ከከተማው አፍንጫ ሥር ናት፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ጥግ። ሴት ትገባለች። ነገሩ ሰላም ከሆነና ባለ ጀልባዎቹ ደህና ነው ካሉሽ ደግሞ ዘጌ ድረስ ዝለቁ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ታያለች፤ ግድግዳው ዙሪያውን ሥዕል ነው። ለዓመታት በፌስታል የደረሳት ቡና ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ትየው። ጧት ውጡ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜዋ ማዕበል አታሳያት።

ስትጠይቂያት መጀመሪያ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» ነው የምትልሽ። እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ! ገበታ ሲቀርብ «በሞቴ» ብለን ሦስት ጊዜ እንደምናጎርሰው፣ ለመንገዱም በሞቴ በያት። ሦስቴ እምቢ ካለችሽ የእውነት እምቢ ማለቷ ነው፤ ያን ጊዜ ተያት። እኔ ግን ሁለተኛው ላይ ነጠላዋን የምታነሣ ይመስለኛል።

ዳንግላ ቅበሩኝ ያለችውንም ሐዘን ነው ብላችሁ አታጣጥሉት። አክስትሽ ተሳስተዋል። አንድ ቀን ተረጋግታ ስትቀመጥ ጠይቂያትና የምትልሽን ጻፊው። ያቺ ኑዛዜዋ ናት። ሐሳቧን ብትለውጥም በራሷ ትለውጥ። አንቺ አታግባቢያት። ወንድምሽም በብሩ አያስለውጣት።

ሰማያዊውን ደብተር ይዘሽ ውጪ። ከአባትሽ መጨረሻ ጽሑፍ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ቀኑን፣ የጀልባውን ዋጋ፣ አብሮሽ የሄደውን ሰው ስም ጻፊ። ስንቁን አንቺ አሰናጂ። ዘጠኝ ሰዓት ተነሺና ዳቦውን ድፊ፤ ቢያርርም ይረር። እሷን ቆሎ እንኳ እንዳታስቆያት።

ጀልባው ላይ ፎቶ አንሻትና ለወንድምሽ ላኪለት። ወደ ግሩፑ ከመለሰሽ።